በሊኑክስ መጫኛ ላይ የአማራጭ ፓኬጆች ምርጫ፦ ለጅማ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሊኑክስ መጫኛ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በሁለት ደረጃ ያከናውናል። መጀመሪያ የሲስተሙን እምብርት (ከርነሉን) እና ፓኬጅ የሚባሉትን የፕሮግራም ጥቅሎች የሚያስተዳድረውን መሣሪያ የያዘውን መሠረታዊ ሲስተም ዲስኩ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ ተጠቃሚው በላዩ ላይ ምን እንዲጨመርለት እንደሚፈልግ ይጠይቃል፤ ዴስክቶፕ፣ ዌብ ሰርቨር፣ ኤስ ኤስ ኤች (ማሽኑን ከርቀት ማዘዣ) ወይም ሌላ። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሁለተኛውን ደረጃ ነው። በሰፊው የተብራራው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ ያረጁ ማሽኖች ላይ ለመሥራትም ሆነ ያለ ኢንተርኔት ለመጫን ከእሱ የተሻለ ሰነድ ያለው መጫኛ ማግኘት ይከብዳል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ተዋሕደው የፈጠሩት አንጋፋው ጅማ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫውም እዚሁ ነው። በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ቴክኖሎጂ ለሚማር ተማሪም ሆነ መርካቶ አካባቢ ኮምፒውተር ለሚጠግን ባለሙያ የፓኬጅ ምርጫው የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በዳታ ዋጋና በመብራት። ሁለቱም መጫኛው ከመከፈቱ በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል።

ጥቂት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ስላክዌር የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ፓኬጆቹን በፍሎፒ ዲስክ ስብስብ ይከፋፍል ነበር፤ ምርጫውም የትኞቹን ስብስቦች ላስገባ የሚል ነበር። ዴቢያን በዲሴሌክት ፓኬጅ በፓኬጅ ሲያስመርጥ ቆይቶ ተዛማጅ ፓኬጆችን ታስክ በሚባል አንድ ስም ወደሚያቅፈው ታስክሴል ተሻገረ። ዛሬ የምናውቀው የዴቢያን መጫኛ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ከዴቢያን 3.1 ጋር ነው።

ፓኬጁ ከየት እንደሚመጣ

የምርጫው ገጽ የሚያቀርበው መጫኛው ሊያገኘው የሚችለውን ብቻ ነው። ኔትኢንስት የሚባለው ከ1 ጊጋባይት በታች የሆነው ፋይል መሠረታዊውን ሲስተምና መደበኛ መሣሪያዎችን ይይዛል፤ ዴስክቶፕ ግን የለውም። ስለዚህ ያለ ኔትወርክ በኔትኢንስት የጫነ ሰው የዴስክቶፕ መስመሮቹን ከዝርዝሩ ሊያጣቸው ይችላል። ፋይሉ ተበላሽቶ ሳይሆን የሚያወርድበት ሚረር (ፓኬጆቹ የተቀመጡበት ሰርቨር) ስላልተገኘ ነው። ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጋው የመጀመሪያው ዲቪዲ ግን ሙሉ ዴስክቶፕ ያለ ኢንተርኔት ለመጫን ይበቃል። ዲቪዲውን አንድ ጊዜ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ አውርዶ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ መያዝ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን በሞባይል ዳታ ከማውረድ በእጅጉ ይረክሳል።

ፍላሹ ሲዘጋጅ የወረደውን የአይ ኤስ ኦ (የመጫኛ ዲስክ ቅጂ) ፋይል ከፍቶ ይዘቱን መቅዳት አይገባም፤ ፋይሉ እንዳለ በጥሬው መጻፍ አለበት። ሩፉስ የተባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሁለት አማራጭ ሲያቀርብ ዲዲ የሚለውን መምረጥ ነው። አለዚያ መጫኛው ከተነሣ በኋላ ሲዲ አላገኘሁም ብሎ ሊቆም ይችላል። ከመጻፉ በፊት ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን የሻ512 ድምር ማመሳከርም አይዘለልም፤ መስመር ሲቆራረጥ የወረደ ፋይል ሊጎድል ይችላል።

በዲቪዲ የሚጭን ሰው መጫኛው የኔትወርክ ሚረር ልጠቀም ወይ ሲለው አይ ማለት ይችላል። አዎ ካለ ዲቪዲው ላይ ያለውም ፓኬጅ አዲስ እትም ከወጣለት ከኢንተርኔት ይወርዳል። ዳታ ጨርሶ እንዳይነካ ከተፈለገ በኔትወርኩ ገጽ ላይ አሁን አታዋቅር የሚለውን መምረጥ ይሻላል። በኔትወርክ ለሚጭን ደግሞ በዩኤስቢ ቴተሪንግ (ዳታውን በኬብል በማጋራት) የተያያዘ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኔትወርክ ካርድ ይታያል። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች ለመሥራት የሚፈልጉት ፋየርዌር የተባለ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ በመጫኛው ውስጥ ተካቷል።

የዴቢያን ምርጫ ገጽ

ገጹ ላይ የዴቢያን ዴስክቶፕ የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ የዴስክቶፕ ዓይነቶቹ ግኖም፣ ኤክስኤፍሲኢ፣ ኬዲኢ ፕላዝማ፣ ሲናመን፣ ማቴ፣ ኤልኤክስዲኢና ኤልኤክስኪውቲ ይዘረዘራሉ። ከዚያ ዌብ ሰርቨር፣ ኤስ ኤስ ኤች ሰርቨርና መደበኛ የሲስተም መሣሪያዎች ይከተላሉ። በጽሑፍ መጫኛው በቀስት ቁልፎች መስመር ላይ ተደርሶ በስፔስ ምልክት ይደረጋል ወይም ይነሣል፤ በታብ ወደ ቀጥል ይኬዳል። ኢንተር ምልክት አያደርግም፤ ገጹን አልፎ ይሄዳል። ሳይፈልጉ ግኖም የሚጫንባቸው ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ስሕተት የዴቢያን ዴስክቶፕ የሚለው ላይ ያለውን ምልክት እንዳለ ትቶ ከሥሩ ካሉት ሁሉ ምልክቱን ማንሣት ነው። የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው ታስክሴል ነባሪውን፣ በተለመደው 64 ቢት ማሽን ግኖምን ይጭናል። ኤክስኤፍሲኢ የሚፈልግ ሰው ከግኖም ላይ ምልክቱን አንሥቶ ኤክስኤፍሲኢ ላይ ያደርጋል። ዴስክቶፕ ጨርሶ የማይፈልግ ደግሞ የላይኛውን መስመርም ያነሣል። የዴቢያን 12 መመሪያ ለዴስክቶፕ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ራም፣ ለምቾት 2 ጊጋባይት፣ እንዲሁም 10 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ግኖምና ብሮውዘር አብረው በ2 ጊጋባይት ሲሠሩ ማሽኑ ይጨናነቃል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ ያለጥርጥር ይመረጣል። ሁለት ሦስት ዴስክቶፕ ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ትርፉ ግን ዲስክ መሙላትና ተደራራቢ ፕሮግራሞች ነው።

ከሁሉ በላይ ለጅማ የሚጠቅመው ነገር የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። ግሩብ የተባለው ማስነሻ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ከፓኬጅ ምርጫው በኋላ ነው። ዴስክቶፑ እየወረደ መብራት ከጠፋ መሠረታዊው ሲስተም ዲስኩ ላይ ቢኖርም ማሽኑ ከዲስኩ አይነሣም፤ መጫኛው ካቆመበት አይቀጥልምና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ያለው ሰው በመጀመሪያው ዙር መደበኛ መሣሪያዎችን ብቻ መርጦ ይጨርስ። ሲስተሙ ከዲስኩ ከተነሣ በኋላ በሩት (በአስተዳዳሪ) ሥልጣን ታስክሴልን ከፍቶ ዴስክቶፑን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ መብራት ቢጠፋም የወረዱት ፓኬጆች /var/cache/apt/archives በሚለው ማህደር ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ፓኬጅ አውራጁ አፕት የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። መብራቱ የጠፋው ፓኬጆቹ እየተገጠሙ ሳለ ከሆነ በቅድሚያ ፓኬጅ የሚገጥመው ዲፒኬጂ ያልተዋቀሩትን ሁሉ እንዲያዋቅር ማዘዝ ያስፈልጋል።

ታስክሴል በተጫነ ሲስተም ላይ ሲከፈት ግን ቀድሞ ምልክት ያለበትን መስመር አለመንካት ነው። ምልክቱ ከተነሣ የዚያ ታስክ ፓኬጆች ይወገዳሉ፤ ሌላ ሥራ የሚፈልጋቸውም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ቀዩ ገጽ

ሶፍትዌር መምረጥና መጫን አልተሳካም የሚለው ቀይ ገጽ ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱ የሚገኘው በአራተኛው ኮንሶል ነው፤ በጽሑፍ መጫኛው አልት ከኤፍ4 ጋር ሲጫኑት መዝገቡ ይታያል፤ አልት ከኤፍ1 ጋር ወደ መጫኛው ይመልሳል። መስመር ተቋርጦ ከሆነ ያንኑ ደረጃ ከምናሌው መድገም ብዙውን ጊዜ ይበቃል። መዝገቡ የሚረሩ ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም ካለ ችግሩ የማሽኑ ሰዓት ነው። እናት ሰሌዳው ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ስትሞት ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፤ አፕትም ከወደፊት የመጣ የመሰለውን ፊርማ አይቀበልም። ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ማዋቀሪያ) ገብቶ ቀኑን ማስተካከል ወዲያው ይፈታዋል፤ ባትሪዋን መቀየር ግን ግድ ነው።

ለኮምፒውተር ላብ

ብዙ ማሽን አንድ ዓይነት ሆኖ ሲጫን ፕሪሲድ የተባለው የመልስ ፋይል ገጹን ይተካል። አንዱ መስመር ታስኮቹን፣ ሌላው ተጨማሪ ነጠላ ፓኬጆችን ይዘረዝራል። በመልሱ ዓይነትና በራሱ በመልሱ መካከል አንድ ክፍተት ብቻ ይፈቀዳል፤ ከዚያ የበለጠው የመልሱ አካል ተደርጎ ይነበብና ምርጫው ሳይሠራ ይቀራል። ፋይሉ ትክክል መስሎ መልሱ ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ዳታን ለመቆጠብ በአንድ ማሽን ላይ የወረዱ ፓኬጆችን የሚያስቀምጠው አፕት ካሸር ኤንጂ ይጫናል፤ በፖርት 3142 ይሠራል። መጫኛው ስለ ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ (በመሃል ሆኖ የሚያወርድ ማሽን) ሲጠይቅ የዚያ ማሽን አድራሻ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ማሽን ያወረደውን ፓኬጅ የተቀሩት ከላቡ ኔትወርክ ይወስዱታል። ላፕቶፕ በዚህ መንገድ ተጭኖ ወደ ቤት ሲሄድ ግን አፕት አልሠራም ይላል፤ የፕሮክሲው አድራሻ በአፕት ማዋቀሪያ ፋይል ተጽፎ ስለሚቀር ነው። መስመሩን ማጥፋት ይበቃል። በዲቪዲ ብቻ በተጫነ ማሽን ላይ ደግሞ ሲዲሮም የሚል መስመር በምንጮች ዝርዝር ይቀራል፤ ፍላሹ ሲነቀል ስሕተት ያመጣልና ከፊቱ የአስተያየት ምልክት (#) ይደረግበታል።

አማርኛና አፋን ኦሮሞ

የቋንቋ ታስክ በዝርዝሩ ላይ አይታይም፤ በመጀመሪያው ገጽ በተመረጠው ቋንቋ መሠረት ራሱ ይመረጣል። አማርኛን በመጫኛው ለማየት ግራፊካል መጫኛውን መክፈት ያስፈልጋል፤ የጽሑፉ መጫኛ ፊደሉን አያወጣም። እንግሊዝኛ መርጦ የጫነ ሰው አማርኛን እንደገና መጫን ሳያስፈልገው በኋላ ያሟላዋል፤ ለፊደሉ የአቢሲኒካ ፎንት፣ ለመጻፍ ደግሞ አይባስ የተባለው የጽሑፍ ማስገቢያ ከኤም17ኤን ጋር ይጨመራሉ፤ በአይባስ ውስጥ ሴራ የሚለው የአጻጻፍ ዘዴ ይመረጣል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ተጨማሪ ፎንት አይጠይቅም።

ሌሎች መጫኛዎች

በፌዶራና በሬድ ሃት ቤተሰብ አናኮንዳ የተባለው መጫኛ በግራ በኩል አንድ የሥራ ዓይነት (እንደ ዴስክቶፕ ወይም ሰርቨር) ብቻ፣ በቀኝ ደግሞ የፈለጉትን ያህል ተጨማሪ ቡድን ያስመርጣል። ምንጩ ሲቀየር የፓኬጁ ዝርዝር እስኪነበብ መጠበቅ አለበት። የፌዶራ ዎርክስቴሽን ላይቭ (ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሣ) ምስሉን እንዳለ ስለሚቀዳ ይህ ገጽ የለውም፤ መምረጥ የሚፈልግ ኤቭሪቲንግ የተባለውን ያወርዳል። ኡቡንቱ በ18.04 እትሙ መደበኛና ዝቅተኛ የሚሉ አማራጮችን አስተዋወቀ፤ በዚያ እትም ዝቅተኛው መጀመሪያ ሁሉንም ገልብጦ በመጨረሻ የሚቀንስ ስለነበር ጊዜ አይቆጥብም ነበር። የኡቡንቱ ሰርቨር መጫኛ ደግሞ የተቀነሰ የሚል አማራጭና ኤስ ኤስ ኤችን ለብቻው የሚጠይቅ ገጽ አለው። ማሽኑ ያለ ስክሪን የሚቀመጥ ከሆነ ያ ሳጥን ምልክት ሳይደረግበት መታለፍ የለበትም።