የጎርጎራ ጀልባዎች የሶላር ኃይል

ጎርጎራ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ ጥንታዊት ወደብ ናት፤ ለጎንደር የውሃ በሯ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሱስንዮስ በአካባቢው ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። የደንገል ታንኳ ከዚያም የቀደመ ነው፤ የሞተር ጀልባ ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደመጣ ይነገራል።

በጀልባ ላይ ሶላር ለመብራት፣ ለስልክና በወለሉ የተጠራቀመውን ውሃ ለሚያወጣው ፓምፕ ያገለግላል። ጀልባውን ለመንዳት አይበቃም፤ በ12 ቮልት 50 አምፔር የሚስብ የኤሌክትሪክ ሞተር 600 ዋት ስለሚፈልግ ባለ 100 ዋት ፓኔል ቀኑን ሙሉ የሰበሰበውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ ፍጆታው ይሰላል። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓት ሲበሩ 40 ዋት ሰዓት፣ አራት ስልኮች 60፣ ባለ 36 ዋት ፓምፕ ለግማሽ ሰዓት 18፤ በድምሩ 118 ነው። ባለ 50 ዋት ፓኔል በበጋ ለ5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ካገኘ፣ 30 በመቶው ባክኖ እንኳ 175 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ለክረምቱ ደመና ባለ 100 ዋቱ ይመረጣል። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ 20 አምፔር ሰዓት ይበቃል፤ የእርሳስ አሲድ ከሆነ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 40 ያስፈልጋል።

ፓኔሉ ሳያዘነብል፣ ከስሩ አየር እንዲያልፍ ሦስት አራት ጣት ከፍ ብሎ ይታሰራል። ቤት ላይ ወደ ደቡብ ማዘንበል የተለመደ ቢሆንም ጀልባ ዞሮ ዞሮ አቅጣጫው አይጸናም፤ በዚያ ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ጣሪያው ላይ የሚጫን ጆንያ ጥላው ጥቂት ሴሎች ላይ ብቻ ቢያርፍም ምርቱን ክፉኛ ይቀንሳል።

ሲገጠም ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው መሣሪያ (ኮንትሮለሩ) አስቀድሞ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከፓኔሉ ጋር ይገናኛል፤ ሲፈታ ፓኔሉ ይቀድማል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአንድ ስንዝር መራቅ የለበትም። በ5 ሜትር ርቀት 5 አምፔር ሲያልፍ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 0.9 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ባለ 2.5 ግን 0.35 ብቻ።

አዘውትሮ የሚያስቸግረው በእርጥበት አረንጓዴ የሚያወጣ የሽቦ ጫፍ ነው፤ ተፍቆ ቫዝሊን ይቀባል። ከዚህ የከፋው አምፖሉን ከሞተር ማስነሻው ባትሪ ላይ መጥለፍ ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና መታየት የጀመረው እምቦጭ አረም በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ደጋግሞ መነሳት ይኖርበታል፤ ባትሪው በመብራት ከደከመ ጀልባው ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ ባትሪዎች ይለያዩ። የሶላሩ ባትሪ ከወለሉ ተጠግቶ በጠፍር ይታሰር፤ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ከቤንዚን ጀሪካን ርቆ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ።