ሰማያዊ ሆነ ማለት አሞኒያ ተሠራ ማለት አይደለም

ባሕር ዳር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከአሞኒያ የሚሠራው የዩሪያ ማዳበሪያ ዋጋ በጨመረ ቁጥር አንዱ ስልኩን ይዞ ይመጣል። «መምህር፣ ይሄን ቪዲዮ አዩት? ከአየርና ከውኃ፣ ያለ እሳት፣ በኤሌክትሪክ አሞኒያ ሠሩ! እኛ ጣናን ይዘን ምን እንጠብቃለን?» አይቼዋለሁ። አሥር ጊዜ።

«የጎደለን ናይትሮጅን ነው» ለሚሉኝ፦ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ችግሩ ሁለቱ አተሞች በሦስትዮሽ ቦንድ ተቆላልፈው አንላቀቅም ማለታቸው ነው።

«ፋብሪካው የሚያግለው አሞኒያ ሙቀት ስለሚወድ ነው።» አይወድም፤ ሙቀት ሲበዛበት መልሶ ይፈርሳል። ከ1913 ጀምሮ ፋብሪካዎች ወደ 400 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚያሞቁት የብረቱ ካታሊስት (ሥራውን የሚያፋጥነው) ሲቀዘቅዝ ስለሚለግም ነው። ከ100 አትሞስፌር በላይ የሚጨምቁት ደግሞ ሙቀቱ ያሳጣቸውን ለማካካስ።

«ካልጋለ ነፃ ነው።» ማን አላችሁ? ግብጦ ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያለውን እባጭ በጥፍር ሰንጥቁት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። አሞኒያውን በማሳው ሙቀት ይሠሩታል፣ ልክ ነው። ግን ለአንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል 16 ኤቲፒ (ሕዋስ ከስኳር የሚያገኘው የጉልበት ሳንቲም) ይከፍላሉ፣ ስኳሩም የሚመጣው ከግብጦው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ለካን፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ሠርተናል!» አሞኒያ እኮ የሌለበት ቦታ የለም። ትንፋሽ ውስጥ አለ፣ ላብ ውስጥ አለ፣ ጓንት ላይ አለ። በክፍል ሙቀት ተሠራ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አንድ ጊዜ የመመረቂያ ሥራ የሚሠሩ ልጆች ነበሩኝ፤ አሞኒያ ሲያገኝ ሰማያዊ የሚሆነውን መመርመሪያ ጠብ አድርገው ብልቃጡ ሲቀየር ፎቶ ተነሡ፣ ለቤተሰብ ሁሉ ተደወለ። ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ ድገሙት አልኳቸው። ያው ሰማያዊ። ከብየዳ ቤት አርጎን፣ ማለትም ናይትሮጅን የሌለበት ጋዝ፣ አምጥተን በናይትሮጅኑ ፋንታ አስገባን። ያው ሰማያዊ! ለካ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ሽንት ቤቱ ነው። (ኤ ሰጠኋቸው፤ ያንን ራሳቸው ናቸው ያገኙት።)

ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በናይትሮጅን-15፣ ማለትም ከባድ በሆነው ናይትሮጅን (አሞኒያው ከባድ ካልሆነ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው)፣ ሲፈትሻቸው ብዙ የተወራላቸው ካታሊስቶች ወደቁ። በሊቲየም የሚሠራው መንገድ አለፈ፣ እሱም ቢሆን ብዙ መብራት ይበላል።

ስለዚህ ቪዲዮ የምትልኩልኝ ልጆች፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ሞክረው እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ አርጎን። ቀጥሎ ናይትሮጅን-15። ሦስቱም ካሉ በሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ።