አደይ አበባ ከረገፈ በኋላ የሚያብቡ የጓሮ አበቦች፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ

አደይ አበባ ጥቅምት ላይ ሲረግፍ ብዙ ሰው የአበባ ጊዜ አለቀ ብሎ ግቢውን ይተወዋል፣ ያሳዝናል ምክንያቱም ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ምናምን ያሉ ግቢዎች ውስጥ ዋናው ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። ዳሊያ፣ ክሪሳንተመም፣ ሐምራዊው ሳልቪያ፣ እኛ ሰፈር የገና አበባ የምንለው ፖይንሴቲያ፣ ከራሳችን ደግሞ ራስ ክምር፣ እነዚህ አንዴ ተተክለው በየዓመቱ የሚመለሱ ናቸው። ክረምቱን ሥርና ቅጠል ሲሰሩ ይከርሙና ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ተራ በተራ ያብባሉ።

በፈረንጅ ሀገር ዘግይቶ የሚያብብ አበባ ሰዓቱን የሚያውቀው ቀኑ ሲያጥር ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ሰሜን ላይ ስለሆነች የሰኔው ረጅም ቀንና የታህሳሱ አጭር ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ነው። ክሪሳንተመም እንቡጥ ለመያዝ ቀኑ ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ እንዲያንስለት ይፈልጋል፣ እኛ ጋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያንሳል፣ ስለዚህ ዝም ካላችሁት ሐምሌ ላይም ያብብና አበባው ዝናብ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ለውጭ ገበያ የሚያመርቱት ግሪንሃውስ ውስጥ ማታ ማታ መብራት የሚያበሩትም ለዚሁ ነው፣ ቶሎ እንዳያብብ። ጓሮ ላይ ግን መብራት አያስፈልግም፣ ጊዜውን የምትወስኑት በጣታችሁ ነው። ከሰኔ ጀምሮ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ጫፍ ቀንጠብ ማድረግ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ማቆም፣ በቃ። ከዛ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቆጥራችሁ ጥቅምት ላይ ቁጥቋጦው በአበባ ይሸፈናል፣ ተቀንጥቦ ያደገው ደግሞ አጠር ብሎ ስለሚበዛ ድጋፍም አይፈልግም።

ፖይንሴቲያ በተቃራኒው ያቺን ትንሽ የቀን ልዩነት ያውቃታል። ቀዩ ነገር አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው፣ እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ቢጫ ናት። ሌሊቱ ረዘም ሲል መቅላት ይጀምራል፣ ግን ሌሊቱ ጨለማ መሆን አለበት። የኛ ግቢ አጥር ላይ ያለው አንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ ቀልቶ የውጭ በር አምፖሉ ስር ያሉት ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ አረንጓዴ እንደሆኑ ገናን አለፉ፣ እናቴ በሽታ ነው ብላ ልትቆርጣቸው ነበር። አምፖሉን ወደ መንገዱ ካዞርነው በኋላ በቀጣዩ ዓመት እነሱም ቀሉ። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ስለሚያሳክክ ዓይናችሁን እንዳትነኩ።

ዳሊያ የመጣው ከሜክሲኮ ነው፣ እዛ በፈረንጆቹ 1963 ብሔራዊ አበባ ተብሏል፣ ለኛ ደጋ ደግሞ የተፈጠረ ይመስላል። የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ውሃ የሚያቁር አፈር ነው። የከተማው ዳርቻ ብዙ ቦታ ላይ መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር ነው፣ ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስኳር ድንች የመሰለው ሥር እዛ ውስጥ ነሐሴን አያልፍም። መደቡን ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጎ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አሸዋ መቀላቀል ግድ ነው። ቀይ አፈር ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። ዳሊያውን ስትተክሉ የሚታሰርበትን ችካል አብራችሁ ምቱት፣ በኋላ ከመታችሁት ሥሩን ትወጉታላችሁ፣ የሐምሌ በረዶ ደግሞ ያልታሰረ ግንድ አይምርም። ሥሩን ስትከፋፍሉ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንገቱ ላይ ዓይን ይዞ መውጣት አለበት፣ ዓይን የሌለው ቢወፍርም አይበቅልም።

ኅዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱ ጥርት ሲል እንደ ሱሉልታ ያለ ሜዳ ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት የዳሊያው ቅጠል የተቀቀለ ጎመን መስሎ ታገኙታላችሁ። አትንቀሉት! ሥሩ ደህና ነው፣ ግንዱን ቆርጣችሁ ላዩ ላይ ገለባ ብታለብሱት ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። ግድግዳ ጥግ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ቀን የሞቀው ድንጋይ ማታ ያሞቀዋል።

ራስ ክምርን ችግኝ ሻጮች ጋ ብዙም አላይም፣ መንገድ ዳር ስለሚበቅል ነው መሰለኝ የተናቀው። አበባው በግንዱ ዙሪያ ኳስ ኳስ እያለ ስለሚከመር ስሙ ገላጭ ነው፣ ብርቱካናማ ነው፣ ውሃ ብዙ አይጠይቅም፣ ማሩን ለመምጠጥ የምትመጣውን ቀጭን ምንቃር ያላትን ወፍ ለማየት ብቻ እንኳን ቢተከል አይቆጭም። ንብ ያላቸው ጎረቤቶች ካሏችሁም አስቡበት፣ የአደይ ማር ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ንቦቹ የሚቀስሙት ይቀንሳል፣ ዳሊያም ቢሆን ድርቡን ሳይሆን መሃሉ ቢጫ ሆኖ የሚታየውን ነጠላውን ነው ሚወዱት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከጥቅምት በኋላ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት አንዴ ሁለቴ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፣ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። የአትክልት እጣቢ ጥሩ ነው፣ ኦሞ ያለበትን ግን አታፍስሱ። ከላይ ሳይሆን ከግርጌ አጠጡ፣ ማታ የረጠበ ቅጠል ለበሽታ ይጋለጣል። ክሽክሽ፣ ቅጠሉን የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ከመጣ በሳሙና ውሃ መጥረግ ይበቃል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሳልቪያውንና ክሪሳንተመሙን ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ፖይንሴቲያውን ደግሞ ቅላቱ ሲረግፍ ግማሽ ድረስ አሳጥሩት። የፖይንሴቲያውን እንጨት ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ስር አሳድራችሁ ፌስታል ውስጥ ብትተክሉት ይይዛል፣ እኛ ግቢ ያለውም ከጎረቤት አጥር የተቆረጠ ነው።