«የሰው ወርቅ አያደምቅ»፦ ከሠርግ ቤት እስከ ሲቪ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ»። ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ልብስና ስለ ጌጥ ሲወራ ነው፣ ወይም አንዱ የወንድሙን መኪና ይዞ ሰፈር ለሰፈር ሲንጎራደድ። እኔ ግን ዛሬ ወደ ትምህርት ማስረጃ ልወስደው ነው። በዘመናችን አብዝተን የምንዋሰው፣ ሲብስም የምንሰርቀው ወርቅ እሱ ሆኗልና።

ተረቱን ስሰማ የሚታየኝ ድግስ ቤት ነው። በድሮው ሥርዓት በወርቅ ማጌጥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነገር ነበር። ባላገሩ የሚያጌጠው በብር ነው፤ የብር ድሪ፣ የብር አልቦ፣ የብር መስቀል። እሱም ቢሆን በየቤቱ አይገኝም። ሠርግ ወይም ጥምቀት ሲደርስ ከአክስት፣ ከጎረቤት፣ ከክርስትና እናት መዋስ ነው፤ ዛሬም አለ። መዋሱ ነውር አይደለም። ችግሩ የጌጡ ባለቤት እዚያው ድግሱ ላይ መኖሯ ነው፣ ዓይኗም ከሀብሉ አይነቀልም። ያጌጠችውም ልጅ እስክስታ ስትወርድ ልቧ አንገቷ ላይ ነው፤ ቢበጠስስ? ቢጠፋስ? አንዷ መጥታ «ይሄ የእትዬ እንትና ሀብል አይደለም እንዴ?» ብትልስ? እንደዚህ ሆኖ ጭፈራ የለም። ልብ በሉ፣ ተረቱ ወርቁ አያበራም አላለም። ያበራል። የለበሰውን ሰው አያደምቀውም ነው ያለው።

አሁን ወደ ዲግሪው። ማኅተም አስቀርጾ፣ ወረቀት አሳትሞ፣ ፎርጅድ ይዞ ሥራ ስለሚገባው ሰው ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። እሱ ወንጀል ነው፣ ሕግ አለው። ከውጭ የመጣ ማስረጃም ቢሆን አቻ ግምት የሚሰጥ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለን። እኔን የሚያሳስበኝ ማኅተሙ እውነተኛ ሆኖ ወርቁ ግን የሰው የሆነበት ነው። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ምሰሶው ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይታችኋል፤ ቴሌግራም ላይማ አይጠየቅም። ገንዘብ ከፍሎ መመረቂያ ጽሑፉን ያሠራ ሰው ጥቁር ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሳል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ ዲግሪውም ሲመረመር ትክክለኛ ነው። ውስጡ ያለው ሥራ ግን የሌላ ሰው እንቅልፍ ማጣት ነው።

ከዚያ ደግሞ ማንም እንደ ውሸት የማይቆጥራቸው ትንንሾቹ አሉ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ሲቪው ላይ «ቢኤ ዲግሪ» ብሎ መጻፍ። ሃርቫርድ የሁለት ሳምንት አጭር ሥልጠና ወስዶ ሊንክዲን ላይ «ሃርቫርድ» ብቻ ብሎ መተው። ፒኤችዲ ገና እየተማሩ መጋበዣ ካርድ ላይ «ዶ/ር» ማስባል። እውነቱን ልናገር፣ ከፎርጅዱ ይልቅ እነዚህን እፈራለሁ። ፎርጅድ የያዘ ሰው እየዋሸ መሆኑን ያውቃል፤ እነዚህ ግን ቀስ እያሉ ይለመዳሉ፣ ባለቤቱ ራሱ ያምናቸዋል።

ማሪሊ ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። ኤምአይቲ በሚባለው ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ ነበረች፤ ማለትም የስንቱን ወጣት ማመልከቻ እያየች «ግባ»፣ «አትግባ» የምትል ሰው። እ.ኤ.አ. በ1979 ስትቀጠር ስለ ዲግሪዋ ዋሸች፤ በተለያየ ጊዜም ከሦስት ተቋማት ዲግሪ አለኝ ብላለች። ከአንዳቸውም አልነበራትም። በ2007 ነገሩ ወጣና ሥራዋን ለቀቀች፣ ከ28 ዓመት በኋላ። በመልቀቂያዋ ላይ ያለችው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም፦ መጀመሪያ ስገባ ዋሸሁ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለማረም ድፍረት አጣሁ። የሚያሳዝነው ሴትዮዋ ሥራዋን አሳምራ የምትሠራ፣ በተማሪዎች ላይ የሚወድቀው ጭንቀት እንዲቀንስ በአደባባይ የምትሟገት ሰው መሆኗ ነው። ተቋሙም መጀመሪያ የገባችበት ሥራ ምናልባት ዲግሪ እንኳን የማይጠይቅ እንደነበር ተናግሯል። የራሷ ወርቅ ነበራት እኮ! የተዋሰችው ነው ያደበዘዘው።

ጀርመን ደግሞ የባሰ አለ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ካርል ቴዎዶር ጉተንበርግ የዶክትሬት ጽሑፉን ከሌሎች ሥራ ምንጭ ሳይጠቅስ ብዙ ቦታ መገልበጡ በየካቲት 2011 ተነገረ (እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው)። በጎ ፈቃደኞች ኢንተርኔት ላይ ተሰባስበው ገጽ በገጽ ከየት እንደተወሰደ ለቀሙት። የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ማዕረጉን ነጠቀ፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ሥልጣን ለቀቀ። የወርቁ ባለቤቶች ድግሱ መሃል መጡ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ተራው የትምህርት ሚኒስትሯ የአኔቴ ሻቫን ሆነ። በ1980 ያቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ በ2013 ተሰረዘባት፣ እሷም ለቀቀች። ሆን ብዬ አላጭበረበርኩም ብላ ፍርድ ቤት ሄዳ ተረታች። ጽሑፉ ስለ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ስለ ኅሊና። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶም ባለቤት ይመጣል።

የእኛም አገር ፈተና ላይ ያየነው ከዚህ አይርቅም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ኩረጃን ለመከላከል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም ከዚያ በፊት ይኮርጅ ነበር ማለቴ አይደለም፣ የማስተማሩ ድክመትም ትልቅ ድርሻ አለው፣ ልጆቹንም መውቀስ አልፈልግም። ግን ኩረጃው ሲጠብ ውጤቱ እንደዚያ መውረዱ የሚነግረን ነገር አለ። ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ወርቁ የራስህ ነው ወይ? ከባድ ነው፣ ስንቱ አራት ዓመት ተምሮ እዚያ በር ላይ ቀርቷል። እኔ ግን እደግፈዋለሁ።

የክብር ዶክትሬትስ? እሱ ስጦታ ነው። በሙያው አገር ያገለገለ ሰው ቢሸለም ደስ ይላል፣ እኛም «ክቡር ዶክተር» እያልን ለይተን ስለምንጠራው የሚያታልል ነገር የለውም። ከጊዜ በኋላ «ክቡር» ቀርታ «ዶክተር» ብቻ ስትቀር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ አንዳንዴ ወርቁን የሚያጠልቁልን ሌሎች ናቸው። ገጠር ጤና ጣቢያ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። ጤና መኮንኑም ነርሱም። ማኅበረሰቡ በአክብሮት ነው የሚለው፣ ክፋት የለበትም። እንደዚያ ሲጠራ «ዶክተር አይደለሁም እማማ፣ ጤና መኮንን ነኝ፤ ይሄ ከእኔ በላይ ስለሆነ ሆስፒታል ልጻፍልዎት» የሚል ባለሙያ ከእኔ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው። እናትየው ስሙን ባይይዙትም ሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው በጊዜ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ሲቪያችሁ ላይ የሰው ነገር ካለም ዛሬ ማታ ክፈቱትና አስተካክሉት። «ሁለተኛ ዓመት ድረስ ተምሬያለሁ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። «የሁለት ሳምንት ሥልጠና» ማለትም እንደዚያው።