ሊግኒን እና ከሱ የሚወጡት ኬሚካሎች

ሊግኒን ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስፈልግ ደህና ነገር ስላጣሁ የማውቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ፣ ጭዱ ሴሉሎስ (የእንጨቱ ክር) ቢሆን ጭቃው ሊግኒን ነው፤ ዛፉን አጣብቆ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። እንደ ዛፉ ዓይነት ከደረቅ እንጨት ክብደት ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ገደማ ይይዛል። ስሙን ያወጣለት የስዊሱ የዕጽዋት ሊቅ ደ ካንዶል ነው፣ በ1813።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ወረቀት የሚፈልገው ሴሉሎሱን ብቻ ስለሆነ ሊግኒኑ መውጣት አለበት። አሜሪካዊው ቲልግማን በ1860ዎቹ እንጨትን በሰልፋይት አሲድ መቀቀል ፓተንት አወጣበት፣ ጀርመኖች የራሳቸውን ኬሚስት ሚቸርሊኽን ያስቀድማሉ፣ ለእኔ ግን የዘዴው ባለቤት ስዊድናዊው ኤክማን ነው፣ ምክንያቱም በ1874 በርግቪክ ላይ ፋብሪካ አቁሞ ያስኬደው እሱ ነው። በዚህ ቅቀላ ጊዜ ሰልፎኔት የሚባለው ሰልፈር ያለበት የአተሞች ቡድን ሊግኒኑ ላይ ይለጠፍና ውሃ የማይነካው ነገር ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይወጣል፣ ይሄ ነው ሊግኖሰልፎኔት።

ለብዙ ዓመት ይሄ ቡናማ ፍሳሽ በቀጥታ ወንዝ ነበር የሚገባው፣ ውስጡ ያለውን ስኳር ባክቴሪያ ሲበላ የውሃው ኦክስጅን ያልቅና ዓሣው ያልቃል። ዊስኮንሲን ሮትስቻይልድ ከተማ ጋይ ሃዋርድ የሚባል ኬሚስት ፍሳሹ ላይ ኖራ እየጨመረ ሊግኖሰልፎኔቱን ደረጃ በደረጃ ማዝቀጥ ቻለ፤ በ1930ዎቹ ከዛው ሊግኒን ቫኒሊን፣ ማለትም አይስክሬም ላይ የምናውቀው ጣዕም፣ መሸጥ ተጀመረ። በ1981 ኦንታሪዮ ያለ አንድ ፋብሪካ ብቻውን ከዓለም ቫኒሊን 60 ፐርሰንት ያህሉን ያቀርብ ነበር! ዛሬ አብዛኛው ከነዳጅ ውጤት ነው የሚሰራው፣ ከእንጨት መስራቱን አጥብቆ የያዘው የኖርዌዩ ቦርጋርድ ነው፣ ሳርፕስቦርግ ከተማ በ1889 የተቋቋመው። እነሱ እንደሚሉት ከ1000 ኪሎ እንጨት 400 ኪሎ ሴሉሎስ፣ 400 ኪሎ ሊግኒን፣ 50 ኪሎ ኢታኖል እና 3 ኪሎ ቫኒሊን ያወጣሉ፣ ምንም አይጣልም ማለት ይቻላል፣ እኔ ይሄን ፋብሪካ በጣም ነው የማደንቀው።

ሊግኖሰልፎኔት ምን ይሰራል? አካሉ ዘይት ዘይት ይላል፣ የሰልፎኔቱ ጫፍ ደግሞ ውሃ ይወዳል፣ ስለዚህ የሳሙና ዓይነት ባህሪ አለው። ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ የሲሚንቶ ቅንጣቶች ላይ ተለጥፎ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይሰጣቸዋል፣ ይገፋፋሉ፣ መሃላቸው የታሰረው ውሃ ይለቀቅና ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ባነሰ ውሃ ያው ኮንክሪት እንደልብ ይፈሳል። ስኳሩ በደንብ ካልወጣ ግን ሲሚንቶው ቶሎ አይዝም፣ ሳይት ላይ የሰራ ሰው ስኳር ሲሚንቶን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመጡት ጠንካራ አድሚክስቸሮች (ኮንክሪት ላይ የሚጨመሩ ኬሚካሎች) ገበያውን ቢሻሙትም ርካሽ ስለሆነ አልጠፋም። ፒስታ መንገድ ላይ አቧራ ለማስተኛት፣ ለጉድጓድ ቁፋሮ ጭቃ፣ ለጨርቅ ቀለም ማበተኛ ይገባል፣ የመኪና ባትሪ ኔጌቲቭ ፕሌት ውስጥም እንኳ አለ።

ዛሬ አብዛኛው ወረቀት የሚሰራው ግን በ1879 ጀርመናዊው ዳል ባመጣው ክራፍት በሚባለው ዘዴ ነው። እዚህ ሊግኒኑ በአብዛኛው ለቦይለር ማገዶ ይሆናል። ለይቶ ለማውጣት ከቅቀላው የሚተርፈው ጥቁር ፍሳሽ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል፣ ሊግኖቡስት የሚባለው የስዊድን ዘዴ በዚህ መንገድ በ2013 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ በ2015 ደግሞ ፊንላንድ ገባ። የወጣው ሊግኒን ውሃ አይወድም፣ ስለዚህ ሰልፋይትና ፎርማልዴሃይድ ተጨምሮበት ሰልፎሜቲሌት ይደረጋል (ማለትም ሰልፎኔት ይለጠፍበታል)፣ ወይ በፎርማልዴሃይድና በአሚን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ሬንጅን ከውሃ ጋር የሚያዋህድ ይሆናል። ኮምፔንሳቶ ኮላ ላይም ኮላው የሚሰራበትን ፌኖል የሚባል ኬሚካል በከፊል ይተካል።

መከላከያ ቅብ ላይ ያለው ነገር ገና ብዙው ላብ ውስጥ ነው። ሊግኒን የፀሐይ አልትራቫዮሌትን ይውጣል፣ ውስጡ ያለው የፌኖል ዓይነት ክፍል ደግሞ ኦክሲዴሽን ያቆማል፤ አሴቲል የሚባል ትንሽ የአተሞች ቡድን ወይም የስብ አሲድ ሲለጠፍበት ውሃ የማያስገባ ቅብ ይወጣዋል። የሚያስቸግረው ቀለሙ ነው፣ ቡናማ የፀሐይ ክሬም ማን ይቀባል?

ተክሉ ውስጥ ሊግኒኑ እንዴት እንደሚገጣጠም ራሱ አከራካሪ ነው፣ ብዙሃኑ በዘፈቀደ ነው ይላሉ፣ ፕሮቲን ይመራዋል የሚሉም አሉ።

እኛ ጋ የሞላው ባህር ዛፍ ለየት ይላል። ኖርዲኮቹ የሚጠቀሙበት ስፕሩስ የሚባል የጥድ ዓይነት ዛፍ ሊግኒን የካርቦን ቀለበቶች አሉት፣ ቀለበቱ ላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ፣ ሰልፎሜቲሌሽኑ የሚቀመጠው እዛ ላይ ነው፤ ባህር ዛፍ ላይ ግን አብዛኛው ቀለበት ሁለቱም ጎኑ ሜቶክሲ በሚባል የአተሞች ቡድን ተይዟል፣ ስለዚህ የኖርዲኮቹን ሪሲፒ እንዳለ ባህር ዛፍ ላይ ቢሞክሩት የሚለጠፈው ሰልፎኔት ትንሽ ነው።