ስለ ወይን ጠጅ በየጠረጴዛው የምሰማቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በሆቴል መጠጥ ክፍል የሚሠራ ሰው ስለ ወይን የማይሰማው ነገር የለም። ባንኮኒው ጋ የተቀመጠ ሁሉ አዋቂ ነው። አብዛኛውን ሰምቼ አልፋለሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመቅዳት ነው። አንዱን ግን ማለፍ አቅቶኛል። «ወይን የብርድ አገር ተክል ነው፤ በእኛ ሙቀት የበቀለ ወይን ከወይን አይቆጠርም» የሚለውን። የሚገርመኝ ይህን የሚሉኝ እንግዶች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ የወይን እርሻ ያለባትን ባቱን፣ የድሮዋን ዝዋይን፣ አቋርጠው የመጡ መሆናቸው ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ትናንሾቹን ላስወግድ።

«ነጭ ወይን ከነጭ ፍሬ ብቻ ነው የሚሠራው።» አይደለም። የአብዛኞቹ ጥቁር የወይን ዝርያዎች ጭማቂ ቀለም የለውም፤ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ልጣጩ ቶሎ ከተለየ ከጥቁር ፍሬ ነጭ ወይን ይወጣል። ሻምፓኝ ከሚጠመቅባቸው ዋና ዋና ዝርያዎች አንዱ የሆነው ፒኖ ኑዋር ጥቁር ነው።

«ሲራ እና ሺራዝ ይለያያሉ።» የአንድ ጥቁር የወይን ዝርያ ሁለት ስሞች ናቸው።

«የጠርሙሱ ቂጥ ወደ ውስጥ በጎደጎደ ቁጥር ወይኑ ጥሩ ነው።» ስለ ጠርሙሱ እንጂ ስለ ወይኑ ምንም አይነግርም።

«ድራይ የሚባለው ወይን ኮምጥጦ የተበላሸ ነው።» ሳልሰማው የሚያልፍ ሳምንት የለም። እርሾው የፍሬውን ስኳር በልቶ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ ዲግሪ አልኮል ይሆናል። ስኳሩ ተበልቶ ካለቀ ወይኑ ድራይ ነው። መፍላቱ መሐል ላይ ከቆመ ወይም ጣፋጭ ነገር ከተጨመረበት ጣፋጭ ይሆናል። ድራዩን ጉደር አዝዞ ጣፋጩን አክሱማይት የሚጠብቅ ሰው ቢያዝን ጥፋቱ የጉደር አይደለም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ፍሬው ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ሙቀቱ ቀንም ሌሊትም ካልበረደ ኮምጣጣነቱ ይሟጠጥና አልኮሉ የከበደ፣ ጣዕሙ የፈዘዘ ወይን ይወጣል። ሰዎች ከዚህ በላይ አይሰሙም። የቀረው ታሪክ ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። በታኅሣሥ ሌሊት ሐይቁ ዳር ያለ ጋቢ ያመሸ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቀን ፀሐዩ ስኳሩን ይሠራል፣ ሌሊት ብርዱ ኮምጣጣነቱን ያቆያል።

ከፍታ ያላገኘ ተዳፋት ይጠቀማል። የፖርቱጋሉ የዶውሮ ሸለቆ በበጋ ከ35 ዲግሪ በላይ መሞቁ የተለመደ ነው፤ ወይኑ የሚለማው ግን ወንዙ ላይ ባዘቀዘቁ ኮረብቶች፣ በድንጋይ እርከን ነው። ኮንሶን ያየ ሰው እርከኑ አይገርመውም፤ ሁለቱም በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩ ናቸው፣ ዶውሮ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኮንሶ በ2011። ተዳፋት ላይ ውሃ አይተኛም፤ ሥሩ የተሰነጣጠቀውን ድንጋይ ተከትሎ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ገበሬውም የከሰዓት ፀሐይ የሚያቃጥለውን ጎን ትቶ ሌላውን መምረጥ ይችላል። በዚህ ላይ ዝርያው አለ። ቱሪጋ ናሲዮናል የሚባለው የዶውሮ ጥቁር ዝርያ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይችላል። የግሪክ ደሴት የሳንቶሪኒ ነጭ ዝርያ አሲርቲኮ በጠራራ ፀሐይ በስሎም ኮምጣጣነቱን አይጥልም። በጣሊያኗ ደሴት በሲሲሊ ደግሞ ኔሬሎ ማስካሌዜ የሚባለው በኤትና እሳተ ገሞራ ተዳፋት እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። የዶውሮ የወይን ክልል ድንበሩ በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1756 ነው። ሙቀት ወይን የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን የሚጠጣው ማን ነበር?

ባቱ ተዳፋት የላትም፤ ሜዳ ናት። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ የሚባሉ ዝርያዎችን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚሉ ስሞች መሸጥ ጀመረ። እዚህ ያለው ፈተና ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ተክሉን በየዓመቱ ያስተኛዋል፤ እኛ ጋ የሚያስተኛው የለም። ስለዚህ የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም ገበሬው ነው፤ በመግረዣው እና ውሃ በመከልከል። የሚገረዝበትን ጊዜ በመምረጥ ፍሬው የሚበስልበትን ወቅት ከክረምቱ ዝናብ ያሸሸዋል፤ ዝናብ በበሰለ ዘለላ ላይ ሻጋታ ያመጣልና። ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ጣዕሙን ያልወደደ ሰው መብቱ ነው። ለእኔ ሲራው ከመርሎው ይበልጣል። «ሞቃት ስለሆነ አይሆንም» የሚለውን ግን አልቀበልም።

ደግሞ ነገሩ የሚያናድደኝ ተክሉ ላይ ሙቀትን የሚፈራው ሰው ጠርሙሱ ላይ ሲሆን ግድ የማይሰጠው በመሆኑ ነው። አንድ የተከበሩ ደንበኛችን ከቤታቸው ጠርሙስ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይኸው የአገራችንን ወይን ቅመሰው። ተቀቅሏል እኮ!» አሉኝ። ጠርሙሱን አየሁት። ጽሑፉ በአንድ በኩል ነጥቷል፣ በሌላው ደህና ነው። ቡሹ ከአፉ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ አንገቱ ላይ የደረቀ ወይን ጣት ይይዛል።

«ጋሼ፣ የት ነበር የተቀመጠው?»

«ቡፌው ላይ ነዋ። እንግዳ እንዲያየው።»

ቡፌው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው፤ ከሰዓት ፀሐይ ይመታዋል። ስንት ወር እንደቆየ አልጠየቅኋቸውም። ወይኑ እውነትም ተቀቅሏል፤ የተቀቀለው ግን ባቱ ሳይሆን ሳሎናቸው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ምክሬን ስሙኝ። ከሱቅ ስትገዙ መስኮት ላይ ለዕይታ የተደረደረውን ትታችሁ ከውስጥ አስወጡ። ቤት ስትደርሱ ቡፌ ላይ አታቁሙት፤ ፍሪጅ አናት ላይም አይቀመጥ፣ ከጀርባው የሚወጣው ሙቀት ያገኘዋል። ምድጃ አጠገብ መቼም ማንም አያስቀምጥም ብዬ ነበር፣ ያስቀምጣሉ። ከቤቱ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ የቁም ሳጥን ታችኛው ወለል ወይም አልጋ ሥር ይሻላል። በቡሽ የተዘጋ ከሆነ አጋድሙት፤ ቡሹ ከደረቀ አየር ያስገባል። ከከፈታችሁት በኋላ ቀይም ሆነ ነጭ መልሳችሁ ዝጉና ፍሪጅ አስገቡት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ጨርሱት።

«ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም፤ በክፍሉ ሙቀት ነው የሚጠጣው።» ይህንን የራሴ አስተናጋጆችም ይከራከሩኛል። ምክሩ የመጣው ማሞቂያ ካልነበራቸው የአውሮፓ የድንጋይ ቤቶች ነው፤ የእነዚያ ክፍል ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። በሐዋሳ የመጋቢት ከሰዓት ክፍል ውስጥ 27 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም። በዚያ ሙቀት የተቀዳ ቀይ ወይን መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው አልኮሉ ነው። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት፤ ነጩን ደግሞ በደንብ አቀዝቅዙት።

ሠርግ ላይ የማየውማ ሌላ ነው። ካርቶኑ ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑ ጥግ፣ ሸራው ሥር ይከመራል፤ ምሳ ሲደርስ ጠርሙሱ በእጅ ሲነካ ለብ ይላል። ከዚያ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ይጣላል። የሙሽራ ወገኖች፣ ትልቅ ሳፋ ፈልጉ። በረዶና ውሃ እኩል አድርጉበት፣ ሁለት እፍኝ ጨው ጨምሩ፣ ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ንከሩ። በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ውሃ የሌለበት በረዶ ጠርሙሱን እዚህም እዚያም በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚነካው ይዘገያል።

«በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል።» ለመቆየት ታስበው የተጠመቁ ጥቂቶች አሉ። በየሱቁ የምናገኘው አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ነጩ በተለይ። ልጃችሁ ሲወለድ የገዛችሁትን ለምርቃቱ አታቆዩት።

«ቀይ ወይን ደም ይተካል።» ቀለሙ ስለተመሳሰለ ብቻ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ይመርመር፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ምንም ዓይነት አልኮል ባትቀምስ ነው የሚመከረው። «ትንሽ ወይን ስጣት፣ ደም ያስፈልጋታል» ብለው የሚያዙኝ ባሎች አሉ። ጭማቂ ነው የማመጣላት።

የመጨረሻው በተቃራኒ ወገን ያሉት የአዋቂዎቹ ነው። «ወይን ከኮካ የሚቀላቅል ባላገር ነው» ይላሉ። ስፔኖች ቀይ ወይንና ኮካን እኩል ቀላቅለው፣ በረዶ ጨምረው፣ ካሊሞቾ ብለው በየበዓሉ ይጠጡታል። በሐዋሳ ፀሐይ ሥር እኔም አልቃወምም። ለዚያ የሚሆነው ርካሹ ድራይ ቀይ ነው፤ ጣፋጩን ከኮካ ጋር ደርባችሁ ስኳር በስኳር አታድርጉት፣ ውዱንም ጠርሙስ ለእርሱ አታስከፍቱኝ።