ኮንቨርተር ምንድን ነው? በማኑዋልና በአውቶማቲክ ፒካፕ መካከል ለሚያመነታ ገዢ

መኪና መብራት ላይ ሲቆም ጎማው ይቆማል፤ ሞተሩ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሁለቱን የሚያላቅቅና መልሶ የሚያገናኝ ነገር የግድ ያስፈልጋል። በማኑዋል መኪና ይህን የሚሠራው ፍሪሲዮን ነው፤ በአውቶማቲክ ኮንቨርተር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከደላላ ጋር እየዞረ ያገለገለ ፒካፕ የሚያይ ሰው ማኑዋል ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ ብሎ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ለይቶ ቢያውቅ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። አንዱ ሸራ ነው፣ ሌላው ዘይት። የሚበላሹበት መንገድም ሆነ የሚፈተሹበት ዘዴ አይገናኝም።

ፍሪሲዮን ቀላል ነው። ሸራ የለበሰ ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ክብ ብረት (ቮላኖ) ላይ በሞላ ኃይል ተጭኖ ይቀመጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ይላቀቃል፣ ሲለቀቅ ይይዛል። ሸራ ነውና ይበላል፤ ሲበላ ይቀየራል። እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሾፌር ቶሎ ይጨርሰዋል፤ በአግባቡ የተያዘ ግን 100,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ኮንቨርተር ዝግ የብረት ዕቃ ነው፤ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ ገጥመው የበየዷቸው ይመስላል። ውስጡ ዘይት ሞልቶታል። በሞተሩ በኩል ያለው ምላጭ ዘይቱን ይገፋል፣ የተገፋው ዘይት በካምቢዮው በኩል ያለውን ምላጭ መትቶ ያዞረዋል። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጠው አንዱን ብቻ ቢያበሩ፣ ያልበራውም በነፋሱ መዞር ይጀምራል፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። በሁለቱ ምላጮች መካከል ስታተር የሚባል ሦስተኛ ክፍል አለ። የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ መልሶ ስለሚልከው፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩ ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ጤፍ የጫነ አውቶማቲክ ፒካፕ ዳገት ላይ ሳይንቀጠቀጥ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ሎክ አፕ የምትባል፣ እዚያው ውስጥ ያለች ትንሽ ፍሪሲዮን ሁለቱን ወገን ትቆልፋቸዋለች። እስክትቆልፋቸው ድረስ ግን ሁለቱ ምላጮች እኩል አይዞሩም፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

የአውቶማቲክ ዕድሜ የሚያልቀው በዚህ ሙቀት ነው። ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ያለ ችግር ይሠራል። 120ን አልፎ ሲቆይ ይቃጠላል፣ ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱት ጎማዎች ይደርቃሉ፣ ግፊት ይወርዳል፣ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሸራዎች መንሸራተት ይጀምራሉ። መንሸራተቱ ራሱ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ በፍጥነት ይባባሳል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው የድሮ 3 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ጣና ዳር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ጎድሎበት ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለው ሞተር ከአውቶማቲክ ጋር ሲጣመር፣ ከወረታ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር ጭነት ይዞ ሲወጣ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ዘይቱም ይፈላል። ተርቦ ባላቸው ዲ ፎር ዲ በሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮችና ከዚያ ወዲህ በመጡት ችግሩ በጣም ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ፒካፕ የሚገዙ ከሆነ ማኑዋሉን ይምረጡ፤ እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

አውቶማቲክ ለማየት ሲሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቅዎት ብለው አስቀድመው ይንገሩ። አስነስተው የእግር ፍሬን እንደረገጡ ከኤን (ነጻ) ወደ ዲ (ወደ ፊት)፣ ከዚያ ወደ አር (ወደ ኋላ) ያስገቡ። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት። ከዚያ በላይ የሚያስጠብቅ ከሆነ የዘይት ግፊት ጎድሏል፤ ወይ ዘይት አንሷል፣ ወይ ውስጡ አልቋል። ቀዝቅዞ በደንብ ይዞ ሲሞቅ የሚዘገይ ከሆነም ምክንያቱ ያው የግፊት መውረድ ነውና፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይነዱ አይወስኑ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ በባጃጅ መካከል መዞር ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ወደ ቤዛዊት የሚወስደውን ዳገት ያስወጡት። ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዱ ነዳጅ በትንሹ ብቻ ይስጡ። ኮረኮንች ላይ የገባ ያህል ለአፍታ ቢንቀጠቀጥ ሎክ አፑ ታሟል ወይም ዘይቱ አርጅቷል።

ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራ ግን አንድ ጠብታ ዘይት ነው። መለኪያ ዘንግ ካለው ዘንጉን አውጥተው ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ። ጤነኛ ዘይት እንደ ወይን ጠጅ ቀላ ብሎ ብርሃን ያሳልፋል፤ ወረቀቱ ላይም ክብ ሆኖ በእኩል ይሰፋል። ቡናማ ሆኖ ሽታው እንዳረረ ነገር ከሆነ ሸራው ተቃጥሏል። ጠብታው መሃሉ ጠቁሮ ዙሪያው ብቻ ከሰፋ፣ በጣቶችዎ መካከል ሲያሹትም ደቃቅ አሸዋ መስሎ ከተሰማዎ ዋጋ አይደራደሩ፣ ይተዉት። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል። ውኃው የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። በብዙ ፒካፖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲሸነቆር የራዲያተሩ ውኃ ወደ ካምቢዮው ያልፋል። ሌላው በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት መኪናው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ በካምቢዮው መተንፈሻ በኩል የሚሳበው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የተሠሩት ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ሃይሉክሶች መለኪያ ዘንግ የላቸውም። እነሱን መካኒክ ከሥር ገብቶ፣ ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ሲደርስ በቡሎን በኩል ነው የሚያያቸው። ለዚህ አገልግሎት የሚከፍሉት ገንዘብ አያስቆጭም።

ማኑዋሉ ፈተናው አጭር ነው። የእጅ ፍሬኑን በደንብ ይሳቡ፣ 3ኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ትንሽ እየሰጡ ፔዳሉን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይድገሙት፣ ደህናውንም ሸራ ይበላል። መንገድ ላይ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ አጥብቀው ሲሰጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለም መልሱ ያው ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጀምር ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ሳይረገጥ እያለ የሚጮኽና ሲረግጡት የሚጠፋ ከሆነ ግን የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ሊሆን ስለሚችል ካምቢዮ ያስፈታል። ከ3ኛ ወደ 2ኛ ሲመልሱ ማርሹ ከተንጫረረ ማርሽ የሚያስማማው ቀለበት አልቋል። ሸራ ሲያስቀይሩ ዲስኩን፣ መጫኛውንና ኩሽኔታውን በአንድ ላይ ያስቀይሩ፤ የሥራው ድካም ካምቢዮ ማውረዱ ላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ መክፈል አያስፈልግም።

ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው የዓባይን በረሃ ያስብ። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ማኑዋል የያዘ ሾፌር ሊወጣበት በሚችለው ማርሽ፣ ማለትም በ2ኛ ወይም በ3ኛ፣ እየተያዘ ይወርዳል። አውቶማቲክ ዲ ላይ ከተተወ ግን ካምቢዮው ራሱ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይወጣና ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል፤ ፍሬን ግሎ መያዝ የሚያቆመው እንደዚህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማንሻውን ወደ 2 ወይም ወደ ኤስ ስቦ ማርሹን ዝቅ ማድረግ ይገባል። አውቶማቲክ ገዝተው ይህን ለሾፌርዎ ሳያስተምሩ ወደ ዓባይ አይላኩት፤ የሰው ሕይወት ነው።

የፎገራ ጥቁር አፈር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭቃ ውስጥ የገባ ማኑዋል ካልሰለጠነ እግር ጋር በአንድ ከሰዓት ሸራውን አቃጥሎ ይቆማል። ኮንቨርተር ጉልበቱን በዝግታ ስለሚሰጥ ጎማው ቶሎ አይሽከረከርም። ሲያቅተው ደግሞ አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም፤ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት እየነኩም ረጅም መንገድ አይጎተትም። የካምቢዮውን ዘይት የሚያዞረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይነሳ ከተጎተተ ውስጡ በደረቁ ይፋጫል። ጭነው ማምጣት አለብዎት።

ሩዝና ጤፍ ለሚጭን፣ ከአንድ በላይ ሾፌር ለሚያፈራርቅና ገጠር ለሚያድር ፒካፕ ማኑዋል ይሻላል፤ የሚበላሸው ክፍል ይታወቃል፣ መለዋወጫውም ቅርብ ነው። አብዛኛው ሥራው ከተማ ውስጥ ለሆነ፣ ተርቦ ያለው ሞተርና ንጹሕ ዘይት ላገኘ ሰው አውቶማቲክ መልካም ነው። አውቶማቲክ ፈቶ መግጠም የሚችል መካኒክ ግን ከመግዛትዎ በፊት ያፈላልጉ።

አውቶማቲኩን ከገዙ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን ያስቀይሩ። አምራቹ የጻፈውን ዓይነት ብቻ ይጠቀሙ፤ ቀለሙ ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሥር ሲፈታ የሚወርደው ከ3 እስከ 4 ሊትር ገደማ ነው፣ የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የወረደውን ያህል ይሙሉ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ፣ እንደገና አውርደው ይሙሉ። የታችኛው ክዳን ሲወርድ ውስጡ ያለችውን ማግኔት ይመልከቱ። እንደ ግራጫ ቅባት ያለ ስስ ልባስ ጤነኛ ነው፤ በጥፍር የሚነሳ የብረት ቅንጣት ካገኙ መኪናውን ረጅም መንገድ ሳይወስዱ ለባለሙያ ያሳዩት።